ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ፤ የመጽሐፍን ቃል ወደ ቤትና ወደ ገበያ ያወጣ አባት

በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቃለ እግዚአብሔርን መስማት የሁላችን ልማድ ነው። ዲያቆኑ መልእክቱን ፥ ካህኑ ወንጌሉን ያነባል ፤ ሕዝቡም በጽሞና ቆሞ ይሰማል ፤ ወንጌሉንም ተሳልሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን የሰማነው ቃል ከእኛ ጋራ ወጥቶ ወደ ቤታችን ፥ ወደ እርሻችን ፥ ወደ ገበያችንና ወደ ሸንጎአችን ይገባልን ወይስ ከቅጽሩ ውስጥ ይቀራልን ብለን የምንመረምር ጥቂቶች ነን። ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረ ፤ ስለ እርሱም መንበሩንና ሕይወቱን የሰጠ አንድ አባት አለ ፤ እርሱም ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው። ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓልዋን በምታከብርበት በዚህ ጊዜ ፤ የሕንፃውን ዕድሜ ከመቍጠር ጋራ በውስጡ የተነበበው ቃል በእኛ ምን ፍሬ እንዳፈራ መመርመር የተገባ ስለ ሆነ ፤ የዚህን አባት ታሪክ በአጭሩ እንጽፋለን። በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ በአንጾኪያ ከተማ በ349 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አንጾኪያ በዚያ ዘመን ከሮም መንግሥት ታላላቅ ከተሞች አንዲቱ ነበረች ፤ የጌታ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩትም በእርስዋ ነው። አባቱ በመንግሥት ሹመት የነበረ ሰው ነው ፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 20 ዓመት ያህል ነበረ። እርስዋም ሌላ ባል ማግባትን ትታ ፤ ሀብትዋን ከሚመኙ ዘመዶችና ከጨካኞች ግብር ሰብሳቢዎች ጋራ እየታገለች ልጅዋን በእግዚአብሔር ፍርሃት አሳደገችው። ለትምህርትም በንግግር ጥበብ ስሙ እጅግ የተጠራ ሊባንዮስ ለሚባል መምህር ሰጠችው። ሊባንዮስ ጣዖት አምላኪ ነበረ ፤ ሆኖም ሊሞት በቀረበ ጊዜ ወንበሩን የሚወርሰው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ፤ ክርስቲያኖች ባይወስዱበት ኖሮ ከዮሐንስ የሚሻል እንደሌለው መናገሩ ተጽፏል።

ዮሐንስም በሸንጎ ጠበቃ ሆኖ ክብርና ገንዘብ ማግኘት ሲቻለው ይህን ሁሉ ናቀ ፤ ዕድሜው 20 ዓመት ያህል ሲሆን ከኤጲስ ቆጶሱ ከመላጥዮስ እጅ ተጠመቀ። ከዚህ በኋላ ከወዳጁ ጋራ ወደ ገዳም ለመሄድ ቈረጠ። እናቱ ይህን በሰማች ጊዜ እጁን ይዛ ወደ ወለደችበት አልጋ ወሰደችው ፤ በአጠገቡም ተቀምጣ አለቀሰች ፤ ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋትና እስክትቀበር ድረስ እንዲታገሣት ለመነችው። ዮሐንስም ልመናዋን ሰምቶ በቤትዋ ተቀመጠ ፤ በዚያም እየጾመ እየጸለየ ዝምታንም እየተማረ ኖረ። እንግዲህ የዮሐንስ የመጀመሪያ ገዳም የእናቱ ቤት ሆነ። እናትን ማክበር የእግዚአብሔር ትእዛዝ መሆኑን በቃል ሳያስተምር በሥራ ፈጸመው።

ኋላ ግን ወደ ተራራው ወጣ። 4 ዓመት በአንድ ሽማግሌ መነኵሴ እጅ እየታዘዘ ኖረ ፤ ከዚያም 2 ዓመት ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። በዋሻውም እንቅልፍን ለራሱ እየነሣ ፤ ሌሊትና ቀን ጎኑን ሳያሳርፍ ፤ የመጻሕፍትን ቃል በልቡ ያጠና ነበረ። ከብርዱና ከጾሙ ጽናት የተነሣ ሆዱና ኵላሊቱ ታመመ ፤ ሕመሙም እስኪሞት ድረስ አልለቀቀውም። ራሱን ማስታመም ስላልቻለ ወደ ከተማ ተመለሰ። በ381 ዓ.ም. ዲያቆን ፥ በ386 ዓ.ም. ቄስ ሆነ።

በዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ዮሐንስ ገዳምን አልናቀም ፤ መነኰሳትን ለሚነቅፉ ሰዎች መልስ የጻፈ እርሱ ነው። ነገር ግን በዋሻ ያጠናው ቃል ለዋሻ ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ወደ ከተማ ከተመለሰ በኋላ አጥብቆ አስተማረ። በአንጾኪያ ብዙ ሰዎች መጽሐፍ ለምን እንደማያነቡ ቢጠየቁ ፤ ሚስትና ልጆች እንዳሏቸው ፥ ንግድና የመንግሥት ሥራ እንደሚያደክማቸው ፥ መጽሐፍ የመነኰሳት ድርሻ እንደ ሆነ ይመልሱለት ነበር። ዮሐንስ ግን ነገሩን ገለበጠው። መነኵሴ ከጦርነቱ ርቆ ተቀምጧል ፤ ባለትዳርና ነጋዴ ግን በጦርነቱ መካከል ቆሞ በየቀኑ ይቈስላል ፤ ስለዚህ መድኃኒት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለቈሰለው ነው ብሎ አስተማረ። ደግሞም አንጥረኛ ረኃብ ቢጸናበት እንኳ መዶሻውንና መስፉን እንደማይሸጥ ፤ የሚሠራበት ዕቃ ከሌለው እንጀራው እንደሚቀር ያውቃልና ፤ እንዲሁም ክርስቲያን የነፍሱን ሥራ የሚሠራበትን መጽሐፍ ሊያጣ እንደማይገባው በምሳሌ አስረዳ።

ትምህርቱም በደፈናው ብቻ አልነበረም ፤ እያንዳንዱን ነገር ለይቶ ያሳይ ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወደ ሌላ ጉዳይ ሳይሮጥ ሚስቱንና ልጆቹን ሰብስቦ የሰማውን ትምህርት አብሯቸው እንዲደግም ያዝዝ ነበር። ቤትም ራሱ ታናሽ ቤተ ክርስቲያን መሆን እንደሚገባው አስተማረ። በመኝታ ቤት ፥ በሚጸልዩበት ስፍራ አጠገብ ፤ ለድኾች ሙዳየ ምጽዋት እንዲያኖሩ መከረ ፤ ሰው ለጸሎት ከመቆሙ አስቀድሞ ጥቂት ገንዘብ ይጨምርበት ፤ ነጋዴና የእጅ ሥራ ያለው ሰውም ከሸጠው ሁሉ ለእግዚአብሔር የሚሆነውን ለይቶ ያኑርበት ፤ ይህም ከዐሥር አንድ እንዳያንስ አለ። ከዚህም አልፎ ባለጠጎች በቤታቸው ለእንግዳና ለድኻ አንድ ክፍል እንዲለዩ ፤ በውስጡም አልጋና ገበታ መብራትም እንዲያዘጋጁ ጠየቀ። ክርስቶስ በድኻው አካል ወደ ቤታቸው የሚገባበት ክፍል ይህ እንደ ሆነ ነገራቸው።

ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፈው ደግሞ ለዛሬ ወላጅ ጭምር የሚጠቅም ነው። አባት በማታ ጊዜ ልጁን አስቀምጦ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ይንገረው ፤ በሌላ ማታም ያንኑ ይድገምለት ፤ ከዚያም ልጁ ራሱ እንዲናገረው ያድርግ ፤ እናትም ተቀምጣ ትስማ ይላል። ልጁ ታሪኩን ካወቀ በኋላ ያ ምንባብ በሚነበብበት ቀን እጁን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰደው ፤ ልጁም ሌሎች የማያውቁትን እርሱ አስቀድሞ ስላወቀ በደስታ ይዘላል ፤ ቃሉም ከልቡ አይጠፋም ብሎ አስረዳ። ደግሞ በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ መብራቶችን አብርቶ ለእያንዳንዱ ስም እየሰጡ ፤ ዘግይቶ በጠፋው መብራት ስም ልጁን መጥራት ልማድ ነበረ ፤ ረዥም ዕድሜ ያገኛል ይሉ ነበርና። ዮሐንስ ይህን ነቅፎ በቅዱሳን ስም እንዲጠሩ አዘዘ።

በ387 ዓ.ም. በአንጾኪያ ታላቅ መከራ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር በጣለ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጥቶ የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ገለበጠ። ቍጣው ከበረደ በኋላ ግን ከተማው በሞት ፍርሃት ተያዘ ፤ ብዙዎች ሸሹ ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ እኅቱን በሞት አፋፍ ትቶ ፤ ምሕረት ለመለመን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ ወደ ቍስጥንጥንያ ተጓዘ። በዚያ የዐቢይ ጾም ወራት ሕዝቡን ያጽናና የነበረው ዮሐንስ ነው ፤ ከ20 የሚበልጡ ስብከቶችም ከዚያን ጊዜ ቀርተውልናል። ሕዝቡ ስለ ነፍሱ ሲጨነቅ ዮሐንስ ከማጽናናቱ ጋራ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይጠይቀው ነበር ፤ ይኸውም በከንቱ መማልን እንዲተው ነው። ሰሚዎቹ ነገሩ ተደጋገመብን ብለው እስኪሰለቹ ድረስ አልተወም። መሐላውን ሳይተዉ ሌላ ትምህርት መጨመር ምን ይረባል ይል ነበርና። በቤት ያሉት እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ፤ የማለም ሰው ራቱን ሳይበላ እንዲያድር መከረ። በእኛም አገር ገበያተኛ ስለ አንድ ቍና እህል የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን ፥ የመላእክትንና የጻድቃንን ስም ሲጠራ የሰማ ሰው ፤ ይህ ምክር ስለ ሩቅ አገር ብቻ የተነገረ አለመሆኑን ያውቃል። ከፋሲካ በፊት የንጉሡ ምሕረት ደረሰ ፤ ፍላብያኖስም በደስታ ተመለሰ።

ዮሐንስ ስለ ድኾች የተናገረው ግን ብዙ ወዳጅና ብዙ ጠላት ያፈራለት ነው። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ገቢዋ የአንድ መካከለኛ ባለጠጋ ያህል ሲሆን በየቀኑ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን ትረዳ እንደ ነበረች ፤ ከእነርሱም ሌላ እስረኞችንና ሕመምተኞችን እንግዶችንም ትመግብ እንደ ነበረች ቈጥሮ ነገራቸው። ዐሥር ባለጠጎች እንደዚህ ቢያደርጉ በከተማው ድኻ ባልተገኘ ነበር አላቸው። ለመሠዊያው የሐርና የወርቅ ዕቃ የሚሰጠውን ሰው ስጦታውን አልከለከለውም ፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚንቀጠቀጠውን ዕራቁት አልፎ ለመሠዊያው ልብስ ማምጣት ክርስቶስን እንደማያስደስተው ፤ አስቀድሞ የተራበውን አጥግቦ ከተረፈው ገበታውን ማስጌጥ እንደሚገባ አስተማረ።

በ397 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ መንበር ባዶ ሆነ። የንጉሡ የአርቃድዮስ ባለሟል አውትሮጵዮስ የዮሐንስን ዝና ሰምቶ ነበርና ፤ የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳያውክ ዮሐንስን በተንኰል ከከተማ አስወጥተው በመንግሥት ሠረገላ ወሰዱት። እርሱ ቀድሞ የክህነትን ክብደት ፈርቶ ከሹመት የሸሸ ፤ ስለ ክህነትም እስከ ዛሬ ካህናት የሚያነቡትን መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። በ398 ዓ.ም. በየካቲት ወር ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ።

ለሌሎች ያስተማረውን በራሱ ቤት ጀመረ። የሊቀ ጳጳሱን ቤት ወጭ ቀነሰ ፤ ለመኳንንት ይደረግ የነበረውን ግብዣ አስቀረ ፤ በሆዱ ሕመም ምክንያትም ብቻውን ጥቂት ይመገብ ነበር። የተረፈውን ገንዘብ ለሕሙማን ቤት ሰጠ ፤ ሌሎችም የሕሙማን ቤቶች ሠርቶ ካህናትን ፥ ሐኪሞችንና ወጥ ቤቶችን ሾመባቸው። በከተማው ለሚኖሩ ጎቶች ለሚባሉ እንግዶች አንድ ቤተ ክርስቲያን ለይቶ በገዛ ቋንቋቸው እንዲነበብላቸው አደረገ ፤ ራሱም በአስተርጓሚ ሰበከላቸው። ሕዝቡ ስብከቱን ሲሰማ እንደ ቴአትር ተመልካች ያጨበጭብ ነበር። እርሱም ጭብጨባው ደስ እንደሚያሰኘው ሳይሸሽግ ተናገረ ፤ ነገር ግን ቤቱ በደረሰ ጊዜ ሰሚዎቹ ከጭብጨባ በቀር ምንም እንዳልወሰዱ እያሰበ እንደሚያዝን ገለጠላቸው። ከእንግዲህ ማጨብጨብ ይቅር ብሎ ሥርዐት ሊያወጣ ቢናገር ፤ ያንኑ ንግግር አድንቀው አጨበጨቡለት።

በ399 ዓ.ም. ያ የሾመው አውትሮጵዮስ ከንጉሡ ፊት ወደቀ። በሥልጣኑ ዘመን በቤተ ክርስቲያን የሚማጠኑ ሰዎች ጥገኝነት እንዲቀር ሕግ አስወጥቶ ነበር ፤ አሁን ግን እርሱ ራሱ እየሮጠ መጥቶ የመሠዊያውን አምድ ያዘ። ወታደሮች ሊወስዱት ሲመጡ ፤ ሕዝቡም ደሙን ሲፈልግ ፤ ዮሐንስ አላሳልፍም አለ። በማግሥቱም የተዋረደው ሹም እየታየ ስለ ዓለም ክብር ከንቱነትና ጠላትን ስለ ማዘን ሰበከ ፤ ብዙዎችም አለቀሱ። አውትሮጵዮስ ኋላ ከመማጠኛው ወጥቶ ተይዞ ተገደለ ፤ ዮሐንስ ግን ጠላትን መውደድን በከተማው ሁሉ ፊት በሥራ አሳየ።

እውነትን ለመናገር ዮሐንስ ጠባዩ ጠንካራ ነበረ ፤ ምላሱም ስለታም ነበረ። በካህናቱ ላይ ሥርዐት ሲያጸና ለስላሳ አልነበረም ፤ ንግሥቲቱ አውዶክስያም ስለ ቅንጦት የሚናገረው ሁሉ ስለ እርስዋ መስሎ ታያት። በዚህ ላይ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ ከእርሱ ጋራ ተጣላ። በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ 36 ያህል ኤጲስ ቆጶሳት ተሰብስበው ዮሐንስን ከመንበሩ ሻሩት ፤ ከክሱም አንዱ ብቻውን ይበላል የሚል ነበረ። ተሰዶ ወዲያው ተመለሰ ፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ለንግሥቲቱ የብር ሐውልት ሲቆም በዘፈኑና በጭፈራው ጸሎት ስለ ታወከ ዝም አላለም። በ404 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት ወታደሮች ለጥምቀት የተዘጋጁትን ሰዎች በተኑ ፤ በሰኔ ወርም ዮሐንስ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ።

የተላከባት ኩኩሶስ በአርመንያ ተራሮች መካከል ያለች ታናሽ ስፍራ ነበረች። ብርዱ ፥ ሕመሙና የሽፍቶች ፍርሃት አስጨነቁት። ሆኖም በዚያ ሳለ ብዙ ደብዳቤ ጻፈ ፤ ከእነርሱም ወደ ዲያቆናዊቱ ወደ ኦሎምጲያዳ የላካቸው 17ቱ ይታወቃሉ። ኦሎምጲያዳ በወጣትነትዋ መበለት ሆና ብዙ ሀብትዋን ለቤተ ክርስቲያንና ለድኾች የሰጠች ሴት ናት ፤ ስለ እርሱ መሰደድ እጅግ አዝና ነበርና ፤ ሰው ራሱን ካልጐዳ በቀር ማንም በእውነት ሊጐዳው እንደማይችል ጻፈላት። በድኽነቱም ሳለ ምርኮኞችን አስቤዠ ፤ ረኃብተኞችንም መገበ። ከአንጾኪያ ሳይቀር ብዙዎች እየመጡ ስለ ጐበኙት ጠላቶቹ ይህን አልወደዱም ፤ በጥቍር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ጲጥዮስ እንዲወሰድ አስፈረዱበት። ወታደሮቹም ሕመምተኛውን በፀሐይና በዝናም ሦስት ወር ያህል አስኬዱት። በቆማና አጠገብ በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ፤ ስለ ሆነው ሁሉ እግዚአብሔርን እያመሰገነ መስከረም 14 ቀን 407 ዓ.ም. ዐረፈ።

በ438 ዓ.ም. የንግሥቲቱ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን ወደ ቍስጥንጥንያ አስመጣ ፤ በሣጥኑም ላይ ተደፍቶ ስለ አባቱና ስለ እናቱ በደል ይቅርታ ለመነ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም ያለፈውን ጠብ ትታ ስሙን ከአባቶች ስም ጋራ ጻፈች። አፈ ወርቅ የተባለውም ከሞተ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱን በስሙ ትጠራለች ፤ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 12 ቀንም መታሰቢያውን ታደርጋለች። ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ላይ የሰበካቸው 34 ድርሳናት በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኋላ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ በሆኑት በአባ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሰዋል ፤ የትርጓሜ መምህራንም እስከ ዛሬ ስሙን እየጠሩ ያስተምራሉ።

እንግዲህ የዚህን አባት ስም በቅዳሴ እየጠራን ትምህርቱን በቤተ መቅደስ ብንተወው ፤ እንደ ቍስጥንጥንያ ሰዎች አጨብጭበን መመለሳችን ነው። ካህናት ሆይ ፤ የምናነበው ቃል አስቀድሞ በገዛ ቤታችንና በገዛ ገበታችን ይታይ። አባቶችና እናቶች ሆይ ፤ በዚህች ሳምንት አንድ የመጽሐፍ ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሩ ፤ እነርሱም ይንገሩአችሁ። ነጋዴዎች ሆይ ፤ ሚዛናችሁና ቃላችሁ ያለ መሐላ የሚታመን ይሁን። ሁላችንም በጸሎት ስፍራችን አጠገብ ለድኻው ታናሽ ሙዳይ እናኑር። ይህን ብናደርግ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆቻችን በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የግንቡን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የቃሉንም ፍሬ ይቈጥራሉ።

ልዑል እግዚአብሔር ቃሉን ሰምተን እንድንፈጽመው ኃይሉን ይስጠን ፤ የአባታችን የዮሐንስ አፈ ወርቅ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን። አሜን።